እናት ሌላ፣ ልጅ ሌላ፦ የኦክ ዛፍ ተርቦች ስም ለምን አይረጋም?

እናቷን ሳይሆን አያቷን የምትመስል ተርብ አለች። እናቷ የወጣችው ከዛፉ ሥር ነው፤ እሷ ግን ከቅጠሉ። እናቷ ከወንድ ጋር ተገናኝታ እንቁላል ጥላለች፤ እሷ ዕድሜዋን ሙሉ ወንድ አታይም፣ እንቁላሏም ያለ አባት ይፈለፈላል። የእሷ ልጆች ደግሞ ተመልሰው ከሥር ይወጣሉ፤ መልካቸውም የአያታቸው ነው። እናትና ልጅን አንድ ሳህን ላይ ጎን ለጎን ብናስቀምጣቸው አንድ ዝርያ ናቸው ብሎ የሚገምት ሰው አይገኝም። የነፍሳት ሊቃውንትም ከመቶ ዓመት በላይ አልገመቱም። ለእናቲቱ አንድ ስም፣ ለልጅቱ ሌላ ስም ሰጡ፤ አንዳንዴም ጭራሽ በተለያየ ወገን (ጂነስ፣ ተቀራራቢ ዝርያዎችን በሚያቅፍ ምድብ) መደቧቸው።

ደሴ ላይ ባዮሎጂ የማስተምራቸው ልጆች ስለ ሕያዋን ምደባ በተማርን ቁጥር የሚያነሱት ጥያቄ አለ፦ «መምህር፣ ሳይንቲስቶቹ ራሳቸው እርግጠኛ ካልሆኑ ስሙን መጽሐፍ ላይ ለምን ያወጡታል?» ተገቢ ጥያቄ ነው። መልሱን ከእነዚህ ተርቦች አሳምሮ የሚያሳይ ፍጥረት አላገኘሁም። የዝርያ ስም ማለት «እስካሁን ባለን ማስረጃ እነዚህ እንስሳት አንድ ናቸው» የሚል አቋም ነው። ማስረጃ ሲጨመር አቋሙ ይጸናል፣ ይከፈላል፣ ወይም ይፈርሳል። ስም ባይወጣለት ግን የሚጸናውም የሚፈርሰውም ነገር አይኖርም፤ አንዱ አጥኚ ያየውን ሌላው የሚፈትሽበት መያዣ ይጠፋል። ከዚህ በታች ያለው ሁሉ የዚህ ዝርዝር ነው። (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው፤ ወቅቶቹም የእነሱ ናቸው፦ ክረምት ስል የብርዱን፣ በጋ ስል የሙቀቱን ወቅት ነው።)

ዛፉን እናስቀድም። ኦክ በወሎ አይበቅልም። የጎፍ ደን ውስጥ ጥድና ወይራ፣ ደንቆሮ ጫካ ውስጥ ኮሶና አስታ ታገኛላችሁ፤ ኦክ ግን ከሰሃራ በታች ባለው አፍሪካ በተፈጥሮ የለም። የሰሜኑ ንፍቀ ክበብ ዛፍ ነው፤ ከአውሮፓና ከሰሜን አፍሪካ እስከ ጃፓን፣ በወዲያኛው ዓለም ደግሞ ከካናዳ እስከ ኮሎምቢያ ይዘልቃል። ዐረብ አገር የኖሩ ወገኖቻችን በሉጥ ሲባል ሰምተው ይሆናል፤ እሱ ነው።

ተርቧም ሰው የሚነድፈው፣ ጣሪያ ሥር ጎጆ የሚሠራው ተርብ አይደለችም። አብዛኞቹ ከጥቂት ሚሊሜትር አይበልጡም፤ ሰውንም አይነኩም። ሴቷ እንቁላሏን ቅጠል፣ እምቡጥ፣ አበባ፣ ለጋ ቅርንጫፍ ወይም ሥር ውስጥ ትወጋለች። እጩ፣ ማለትም ከእንቁላሉ የሚፈለፈለው ትል፣ ሲያድግ ዛፉ በዙሪያው ያብጣል። እባጩ ግን ቁስል ብቻ አይደለም። በመካከሉ እጩ የሚተኛበት ክፍል አለ፤ የክፍሉ ግድግዳ እጩ በሚመገበው ለስላሳ ሕዋስ የተሸፈነ ነው፤ ከውጭ ደግሞ እንደየዝርያው ጠንካራ ቅርፊት፣ ጸጉር ወይም ሙጫ ይለብሳል። ይህን ሁሉ የሚገነባው ዛፉ ነው፤ ቅርጹን የምታዘው ግን ተርቧ ናት። ለዚህ ማስረጃው በአንድ የኦክ ቅጠል ላይ ጎን ለጎን የተቀመጡ እባጮች ናቸው፦ አንዱ ድቡልቡል፣ አንዱ ጠፍጣፋ፣ አንዱ ጸጉራም። ቅጠሉ አንድ፣ ዛፉ አንድ፣ ቅርጹ ግን እንደ ነዋሪዋ ይለያያል።

የሶርያዋ ሐለብ ከተማ የምትታወቅበት እባጭም አለ። የኦክ እባጭ ታኒን የሚባለው ጎምዛዛ ንጥረ ነገር በብዛት አለው፤ ከብረት ጨው ጋር ሲዋሐድ ጥቁር ቀለም ይሆናል። የአውሮፓና የመካከለኛው ምሥራቅ ጸሐፍት ለብዙ መቶ ዓመታት የጻፉት በዚህ ነው። የእኛ የብራና ጸሐፍት ጥቁሩን ቀለም የሚያዘጋጁት በዋናነት ከጥላሸት ስለሆነ፣ የሐይቅ እስጢፋኖስ መጻሕፍት የዚህች ተርብ ባለዕዳ አይደሉም። የአውሮፓ መዛግብት ግን ናቸው። የሰው ልጅ ነገሩን ሳይለይ ይህን ያህል ዘመን የተገለገለበት ነፍሳት ጥቂት ነው።

በማሰሮ የተተከለ ኦክ

የዚህን ምስጢር ቋጠሮ የፈታው ሰው በሙያው ሐኪም ነበር። ሄርማን አድለር ይባላል፤ የሚኖረውም በሰሜን ጀርመን ሽሌስቪግ በምትባል ከተማ ነው። ከእሱ በፊት የነበሩት ሰብሳቢዎች አንድ የሚያስቸግራቸው ነገር ነበር። ኒውሮቴረስ ብለው በሰየሙት ወገን ውስጥ የሚያገኙት ሴቶችን ብቻ ነው፤ ወንድ የለም። ስፓቴጋስተር ባሉት ሌላ ወገን ውስጥ ግን ወንድም ሴትም ይገኛል። የመጀመሪያዎቹ የሚወጡት ከጠፍጣፋ የቅጠል እባጭ በጸደይ መጀመሪያ ነው፤ ሁለተኞቹ በበጋ መግቢያ፣ ወይን ፍሬ ከመሰለ ለስላሳ እባጭ። አካላቸውም፣ ወቅታቸውም፣ ቤታቸውም ተለያየ። ታዲያ ሁለት ወገን ተብለው መመዝገባቸው ምን ያስገርማል? በእጃቸው የነበረው ማስረጃ ይህንን ነበር የሚለው።

አድለር ያደረገው ነገር ዕቃው ቀላል፣ ትዕግሥቱ ከባድ ነው። ትንንሽ የኦክ ችግኞችን በማሰሮ ተከለ። ከታወቀ እባጭ የወጡ ተርቦችን ችግኙ ላይ ለቀቀ፣ እንቁላል ሲጥሉ በዓይኑ አየ፣ ሌላ ነፍሳት እንዳይደርስባቸው ጠበቀ፣ ከዚያ በዚያው ቦታ የሚያብጠውን ነገር ተከታተለ። የኒውሮቴረስ ሴቶች እምቡጥ ውስጥ የጣሉት እንቁላል ስፓቴጋስተር ሆኖ ወጣ። ስፓቴጋስተሮቹ ተገናኝተው ቅጠል ላይ የጣሉት ደግሞ ተመልሶ ኒውሮቴረስ ሆነ። በ1877 እና በ1881 ባሳተማቸው ጽሑፎች እንዲህ ያሉ ጥንዶችን አንድ በአንድ አሳየ። ሁለቱ ወገኖች የአንድ ቤተሰብ ተፈራራቂ ትውልዶች ሆነው ተገኙ።

እዚህ ላይ ትንሽ እንቆይ፤ የነገሩ መሠረት ይህ ነው። አብዛኞቹ የኦክ ተርቦች በዓመት ሁለት ትውልድ አላቸው። አንደኛው ወንድና ሴት ያለው፣ በመገናኘት የሚራባ ነው። ሌላው ሴቶች ብቻ ያሉበት፣ ያለ ወንድ የሚራባ ነው። ንብ የሚያነቡ ሰዎች የወንዱን ንብ ጉዳይ ያውቃሉ፤ ካልዳበረ እንቁላል ወንድ ይወጣል። በኦክ ተርብ ደግሞ ይህ ሌላ መልክ አለው፦ በብዙ ዝርያዎች ያለ ወንድ ከምትራባው ትውልድ አንዷ ሴት ወንዶችን ብቻ፣ ሌላዋ ሴቶችን ብቻ ትወልዳለች። ሁለቱ ትውልዶች በመጠን፣ በቀለም፣ በእንቁላል መትከያቸው ርዝመት ይለያያሉ፤ እንዲያውም ባዮርሂዛ ፓሊዳ በምትባለው የአውሮፓ ዝርያ ከሥር እባጭ የምትወጣዋ ሴት ክንፍ የላትም። ክረምት ሲበረታ በእግሯ ግንዱን ይዛ ወደ እምቡጡ ትወጣለች። ከእምቡጡ የሚወጡት ልጆቿ መካከል ግን ክንፋሞች አሉ። ክንፍ የለሿ ለብቻዋ ስም ተሰጥቷት የኖረች መሆኗን ስታስቡ በሰጪዎቹ አትፍረዱባቸው።

ሁለት ስም አንድ እንስሳ ሲሆን የትኛው ይቀራል? ለዚህ ዓለም አቀፍ የእንስሳት ስያሜ ሕግ አለ። መነሻው የስዊድናዊው የምደባ ሊቅ የሊኒየስ መጽሐፍ የወጣበት 1758 ነው፤ ከዚያ ወዲህ በሥርዓቱ ከወጡት ስሞች ቀዳሚው ያሸንፋል። በተጨማሪም እያንዳንዱ ስም በሙዚየም ከተቀመጠ አንድ ናሙና ጋር የታሰረ ነው። ክርክር ሲነሳ ዳኛው መጽሐፉ ላይ ያለው መግለጫ ብቻ ሳይሆን ያ በመርፌ የተሰካው ናሙና ነው። ችግሩ ናሙናው ከሁለቱ ትውልዶች የአንደኛው ብቻ መሆኑ ላይ ነው። የአንዷን ሴት ሬሳ የያዘ ስም ስለ ልጆቿ ምንም አይነግረንም።

በዓለም ላይ ስም የወጣላቸው የኦክ ተርብ ዝርያዎች 1000 ገደማ ናቸው። በተለይ በሰሜን አሜሪካ ካሉት አብዛኞቹ የሚታወቁት በአንድ ትውልዳቸው ብቻ ነው። ይህ ማለት መዝገቡ በሁለት አቅጣጫ ሊሳሳት ይችላል ማለት ነው። ሁለት ስም ያላት አንዲት ተርብ ትኖራለች፤ በአንድ ስም የተጠቀለሉ ሦስት ተርቦችም ይኖራሉ። ሰዎች አብዛኛውን ጊዜ የሚያስታውሱት የመጀመሪያውን ስሕተት ነው። እኔ ግን ሁለተኛው ይብሳል እላለሁ፤ የተደጋገመ ስም አንድ ቀን ሲገጣጠም ይታረማል፣ በአንድ ስም ሥር የተደበቀ ዝርያ ግን መኖሩን የሚጠረጥር እንኳ ላይኖር ይችላል። ቀጥሎ የማነሳት ተርብ ታሪክ ይህ ነው።

ቤሎኖክኔማ

በ19ኛው ክፍለ ዘመን ሜሪ ትሪት የምትባል አሜሪካዊት የተፈጥሮ ተመራማሪ ነበረች። ነፍሳት በሚበሉ ዕፀዋት ላይ ባደረገችው ጥናት ከቻርለስ ዳርዊን ጋር ትጻጻፍ ነበር። ከፍሎሪዳ የሰበሰበቻቸው የኦክ እባጮች ቪየና ለነበረው ለጉስታቭ ማየር ደረሱት፤ እሱም በ1881 አዲስ ወገን አቋቁሞ ተርቧን በእሷ ስም ቤሎኖክኔማ ትሪቴ አላት። በ1921 ሉዊስ ዌልድ የተባለ አሜሪካዊ ሁለት ጨመረ፦ ቤሎኖክኔማ ኪንሲ እና ቤሎኖክኔማ ፎሶሪያ። ሦስቱም የሚኖሩት በደቡብ አሜሪካ ግዛቶች፣ ቅጠላቸውን ዓመቱን ሙሉ በሚይዙ የኦክ ዓይነቶች ላይ ነው፤ የምለው ደቡብ የዩናይትድ ስቴትስን ደቡብ መሆኑ ልብ ይባል።

ሦስቱን መለየት ከባድ ነበር። የመለያ ቁልፎቹ አሮጌና የተጓደሉ ነበሩ። ስለዚህ አጥኚዎች በጊዜ ብዛት ከፍሎሪዳ እስከ ቴክሳስ ያገኙትን ሁሉ ቤሎኖክኔማ ትሪቴ እያሉ መጻፍ ያዙ። በዚህ ስም ብዙ መልካም ሥራ ተሠራ። በ1998 ቴክሳስ ውስጥ የሁለቱ ትውልዶች መፈራረቅ በሙከራ ተረጋገጠ፦ ቅጠሉ ላይ አተር የሚያህል፣ አንድ ክፍል ያለው ድቡልቡል እባጭ አለ፤ ከዚያ ክረምት ሲገባ ሴቶች ብቻ ይወጣሉ፤ ወርደው ቀጫጭን ሥሮች ላይ እንቁላል ይጥላሉ። ሥሩ ላይ ብዙ ክፍል ያለው እባጭ ይፈጠራል፤ ከዚያ በጸደይ ወንድና ሴት ይወጣሉ፤ ተገናኝተው ሴቶቹ ለጋ ቅጠል ላይ ይጥላሉ። በመግቢያዬ ላይ ያለችው ተርብ ይህች ናት።

ከዚያ ወዲህ ነገሩ እየተገለጠ መጣ። በተለያዩ የኦክ ዓይነቶች ላይ የሚኖሩት ተርቦች ዝም ብለው አንድ ሕዝብ አልሆኑም። ሁለት የኦክ ዓይነቶች በአንድ አካባቢ ቢበቅሉም ለጋ ቅጠል የሚያወጡበት ጊዜ ይለያያል። ተርቧ ያለ ለጋ ቅጠል እንቁላል መጣያ የላትም፤ ዕድሜዋም በቀናት የሚቆጠር ነው። ስለዚህ የአንዱ ዛፍ ተርቦች በሚወጡበት ሰሞን የሌላኛው ዛፍ ተርቦች አልወጡም ወይም አልፈዋል። ሳይገናኙ የቀሩ ሕዝቦች ደግሞ በረጅም ዘመን ይለያያሉ። የዘረ መል ጥናቱም ሦስት የተለያዩ መስመሮችን አሳየ።

በ2021 የወጣው የዚህ ወገን ክለሳ ሦስቱን ስሞች መልሶ አቆመ፤ የእያንዳንዷን ሁለት ትውልዶችና ሁለት ዓይነት እባጮች ገለጸ፤ ሁለቱንም ትውልዶች የሚለይ ቁልፍ ለመጀመሪያ ጊዜ አዘጋጀ። ዌልድ ከመቶ ዓመት በፊት በዓይኑና በማጉያው ያየው ልዩነት እውነት ነበር። ከዚህ የሚከተለው ግን ቀላል አይደለም። በቴክሳስ ተሠርተው በትሪቴ ስም የታተሙ ሥራዎች እንስሳቸው ቤሎኖክኔማ ኪንሲ ናት። ሙከራው አልተበላሸም፤ የተለካው ልክ ነው፤ ስሙ ግን ሌላ ነው። ዛሬ እነዚያን ጽሑፎች የሚያነብ ሰው ስሙን ብቻ ሳይሆን ተርቧ የተሰበሰበችበትን ቦታና የዛፉን ዓይነት ማየት አለበት። ጸሐፊዎቹ ቦታውንና ዛፉን በጥንቃቄ ስለመዘገቡ ሥራቸው ተርፏል። ለተማሪዎቼ ደጋግሜ የምነግራቸው ይህንን ነው።

ኪንሲ የሚለው ስም የአልፍሬድ ኪንሲ ነው። ብዙ ሰው የሚያውቀው በ1948 ስለ አሜሪካውያን ወንዶች የወሲብ ሕይወት ባወጣው ጥናት ሲሆን ከዚያ በፊት ግን ለሃያ ዓመት ገደማ የኦክ ተርብ አጥኚ ነበር። በሚሊዮን የሚቆጠር እባጭና ተርብ ሰበሰበ፤ ክምችቱ አሁን ኒው ዮርክ በሚገኘው የአሜሪካ የተፈጥሮ ታሪክ ሙዚየም ነው። በ1930 እና በ1936 ትልልቅ መጻሕፍት አሳተመ። ብዙ ዝርያዎችን ሰየመ፤ ከእነዚህ ብዙዎቹ በትንሽ ልዩነትና በአካባቢ ላይ የቆሙ ስለሆኑ እስካሁን አከራካሪ ናቸው። ያም ሆኖ በ1937 ያወጣው ፌሮን የሚባል የወገን ስም ከጊዜ በኋላ ተሽሮ፣ በ2023 ማስረጃ ተገኝቶለት ተመልሷል። ስም ሞተ ሲባል ተነሥቶ መምጣቱ በዚህ መስክ የተለመደ ነው።

ታዲያ ዲኤንኤ ካለ ክርክሩ ለምን አያልቅም? ብዙ ጊዜ የሚነበበው አጭር የዲኤንኤ ክፍል የሚገኘው ሚቶኮንድርያ በሚባለው የሕዋስ ኃይል ማመንጫ ውስጥ ነው፤ ይህ ደግሞ ከእናት ብቻ የሚወረስ ነው። ሁለት ዝርያዎች በአንድ ወቅት ተዳቅለው ከነበረ የአንዷ ሚቶኮንድርያ በሌላዋ ዘር ውስጥ ገብቶ ሊቀር ይችላል። በነፍሳት ሰውነት የሚኖሩ፣ ከእናት ወደ ልጅ የሚተላለፉ ባክቴሪያዎችም ይህን ውርስ ያዛባሉ። አንድ መስመር ብቻ ያነበበ ሰው አንድ ምስክር ብቻ የሰማ ነው። ለዚህ ነው አሁን ከመላው ዘረ መል በሺዎች የሚቆጠሩ ነጥቦች የሚነጻጸሩት። ዲኤንኤ ትልቁን ውለታ የዋለው ግን ሌላ ቦታ ነው፦ በአድለር ዘመን ዓመታት ይፈጅ የነበረውን እናትንና ልጅን የማገናኘት ሥራ አቀለለው። በ2024 ሂዩስተን፣ ራይስ ዩኒቨርሲቲ ግቢ ውስጥ ከተገኘ ኦክ ኒውሮቴረስ ቫልሃላ የምትባል አንድ ሚሊሜትር ገደማ የሆነች ተርብ ስትሰየም፣ ከአበባ የሚወጣው ትውልዷና ከቅርንጫፍ የሚወጣው ትውልዷ ገና ከጅምሩ አብረው ነው የተገለጹት። ማንም ኋላ ላይ ሁለት ስም አያገጣጥምላትም።

ሌላም ወጥመድ አለ። ከእባጭ የወጣ ሁሉ የእባጩ ባለቤት አይደለም። ራሳቸው እባጭ መሥራት የማይችሉ፣ በሌላዋ ቤት ገብተው የሚኖሩ ተርቦች አሉ፤ መልካቸው ከባለቤቲቱ ጋር ስለሚቀራረብ ብዙ ሰው አሳስተዋል። እጩን የሚበሉ ጥገኛ ተርቦች ደግሞ አሉ፤ ብዙ ጊዜ አረንጓዴና ሰማያዊ የሚያብረቀርቁ ናቸው። እባጩን ብልቃጥ ውስጥ ከትቶ ቀድሞ የወጣውን «ሠሪው ይህ ነው» ያለ ሰው ገዳዩን በሟች ስም ሊመዘግብ ይችላል።

እኛ ዘንድ ያለው

ነገሩ ሾላ በድፍን የሆነበት ወሎየ ሾላውን ራሱን ይክፈት። ባቲ ወይም ሐርቡ መንገድ ዳር ካለ ሾላ አንድ ፍሬ ወስዳችሁ ሰንጥቁት። በውስጡ ያሉት አበቦች ናቸው፤ ከአበቦቹ ብዙዎቹ ደግሞ ትንንሽ ተርቦች የሚያድጉባቸው እባጮች ሆነዋል። የሾላ ተርቦች ከኦክ ተርቦች ጋር የቅርብ ዝምድና የላቸውም፤ የምደባ ጣጣቸው ግን ያቀራርባቸዋል። እዚህ ችግር የሆነው ወንዱ ነው። ወንዱ ክንፍ የለውም፣ ፈዛዛ ነው፣ ከፍሬው ሳይወጣ ይሞታል፤ ሴቷን የሚያገኛት ገና ከእባጯ ሳትወጣ ነው። ሴቷ ጥቁር፣ ክንፋም፣ ሌላ ሾላ ፍለጋ የምትበር ናት። የቀደሙት አጥኚዎች ወንዱንና ሴቷን በተለያየ ስም የመዘገቡበት ጊዜ ነበር።

የሾላ ጉዳይ በዚህ አያበቃም። ሴራቶሶለን አራቢከስ የምትባለው ተርብ የአበባ ዱቄት ተሸክማ ሾላውን ታዳብራለች፤ ሾላው ዘር የሚያፈራው በእሷ ነው። ሴራቶሶለን ጋሊሊ የምትባል የቅርብ ዘመዷ ደግሞ እዚያው ፍሬ ውስጥ ገብታ እንቁላሏን ትጥላለች፤ አበባውን ግን አታዳብርም። ይህ የተለየው ኬንያ ውስጥ በ1960ዎቹ በተደረገ ጥናት ነው፤ ጋሊሊም ስሟን ያገኘችው በ1964 ነው። ከዚያ በፊት በአንድ ስም የሚጠራቸው ሰው ሾላን የሚጠቅመውንና የማይጠቅመውን አንድ አድርጎ ይጽፍ ነበር። ሾላና ዋርካ ጥላቸው የሽማግሌ መቀመጫና የዱዓ ቦታ በሆነበት አገር ይህን ማወቅ ቅንጦት አይመስለኝም።

ገበሬውን በቀጥታ የሚነካው ግን ባሕር ዛፍ ነው። ከኮምቦልቻ በታች ቀይ ባሕር ዛፍ የተከለ አንድ አርሶ አደር የችግኙን ቅጠል ይዞ «መምህር፣ ይህ እባጭ የዛፉ ጠባይ ነው ወይስ የትል ሥራ?» ብሎኝ ያውቃል። የቅጠሉ መሐል ጅማትና አንገት አብጦ ነበር። እንዲህ ያለውን እባጭ ቀይ ባሕር ዛፍ ላይ በማድረስ የታወቀችው ሌፕቶሳይቤ ኢንቬዛ የምትባል ትንሽ ተርብ ናት፤ በኢትዮጵያም ተመዝግባለች። ትውልዷ አውስትራሊያ ቢሆንም ስም የወጣላት ከአገሯ ውጭ፣ በሜዲትራኒያን አካባቢ ጉዳት አድርሳ ከታየች በኋላ በ2004 ነው። የሚገኙት ሴቶች ብቻ ስለነበሩ ያለ ወንድ እንደምትራባ ተጻፈ፤ ወንዶች ኋላ ላይ በሌሎች አገሮች ተገኙ። ከዚያም የዘረ መል ምርመራ በዚህ አንድ ስም ሥር ቢያንስ ሁለት መስመሮች እንዳሉ አሳየ፤ አፍሪካ ውስጥም ሁለቱም አሉ። ሁለት ዝርያ ይባሉ ወይስ አንድ የሚለው ክርክር ገና ክፍት ነው።

ክርክሩ የቤተ መጻሕፍት ብቻ አይደለም። ይህችን ተርብ ለመከላከል በየአገሩ የሚለቀቁት እጯን የሚያጠቁ ሌሎች ጥቃቅን ተርቦች ናቸው፤ ደቡብ አፍሪካ የተጠቀመችበት ሴሊትሪኮዴስ ኔሰሪ አንዱ ነው። አጥቂው ለአንዱ መስመር ተስማሚ ሆኖ ለሌላው ባይሆን፣ ስሙን ብቻ አይቶ ያዘዘ ሰው ገንዘቡንና ጊዜውን ያጣል። ለዚያ አርሶ አደር የሰጠሁት መልስ «የትል ሥራ ነው፤ የየትኛዋ እንደሆነ ግን ቅጠሉን አይቼ ብቻ አልናገርም» የሚል ነበር። ቅር እንዳለው አየሁ። ሆኖም ያንን ከማለት የተሻለ ታማኝ መልስ አልነበረኝም።

ሳይንሳዊ ጽሑፎች ይህን ጥርጣሬ በግልጽ የሚጽፉበት መንገድ አላቸው። ከወገኑ ስም ቀጥሎ «ኤስፒ» ብቻ ከተጻፈ ወገኑ ታውቋል፣ ዝርያው አልተለየም ማለት ነው። በወገኑና በዝርያው ስም መካከል «ሲኤፍ» ከገባ፣ ይህቺን ትመስላለች ነገር ግን መነጻጸር ይቀራል ማለት ነው። እነዚህን ሁለት ምልክቶች እንደ ስንፍና የሚያዩ ተማሪዎች አሉ። ለእኔ ግን ከሙሉ ስም ይልቅ ብዙ ጊዜ የሚታመኑት እነሱ ናቸው፤ ጸሐፊው ማስረጃው የቆመበት ቦታ ላይ መቆሙን ይናገራሉና።

ስለዚህ በትምህርት ቤት ቤተ ሙከራም ሆነ ወሎ ዩኒቨርሲቲ ያላችሁ ልጆች እባጭ ስትሰበስቡ ብልቃጡን በቀጭን ጨርቅ እንጂ በሌላ ክዳን አትክደኑት፤ አየር ይግባው፤ እባጩን ከእነ ቅርንጫፉ ቁረጡት እንጂ ከዛፉ አትፈልፍሉት። የወጣውን ሁሉ፣ የሚያብረቀርቀውንም ጭምር፣ በየቀኑ ለይታችሁ አስቀምጡ። ባዶውን እባጭ አትጣሉት፤ ከተርቧ ጋር አብሮ ይቀመጥ። ምልክቱ ላይ የዛፉን ዓይነት፣ እባጩ የነበረበትን የዛፍ ክፍል፣ ቀበሌውን፣ የተቆረጠበትን ቀንና ተርቧ የወጣችበትን ቀን በእርሳስ ጻፉ፤ እስክርቢቶ አልኮል ሲነካው ይለቅቃል። የስሙን ቦታ ክፍት ተዉት።